የሩዝ እጣቢና ማድያት

መጀመሪያ የተሰማው ጥፊ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ትንሽ ፋታ፤ ከዚያ ደግሞ ጧ፣ ጧ። ማልጃ ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሿ እንደተጋደመች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ አዳመጠች። ይኼ ሰው የሚመታበት ቤት አይደለም። ልጇ ታክሱ እንኳን ሚስቱን ሊመታ፣ ሚስቱ ስትናገር ከሳህኑ ቀና ብሎ አያውቅም። ጥፊው ግን አላባራም፤ እንዲያውም እየፈጠነ ሄደ። ከመካከሉ የምራቷ የሄጁ ድምፅ ብቅ አለ፤ የተመታ ሰው ድምፅ ሳይሆን የሚስቅ ሰው ድምፅ።

«ጠፍ ጠፍ አድርጉት እህቶቼ፣ አትዘኑለት! ቆዳ እንደ ሰነፍ ባል ነው፤ ካልቀሰቀሱት አይነሳም።»

ማልጃ ዐይኗን ገለጠች። ወጥ ቤቱን ከእሷ ክፍል የሚለየው አንድ ተንሸራታች በር ነው፤ በሩ ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ገጥሞ ተዘግቶ አያውቅም። በክፍተቱ የምራቷ ጀርባ ይታያል፤ ፀጉሯ በፎጣ ተጠምጥሟል፣ ስልኳ የሩዝ ማብሰያው ላይ ተደግፏል፣ ፊት ለፊቷ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሩዝ እጣቢ ተቀምጧል። መዳፏን ትነክራለች፣ ጉንጯን ትጠፈጥፋለች፤ ትነክራለች፣ ትጠፈጥፋለች። ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን በኋላ ማን እንደሚወለውለው ግን በስልኩ ለሚከታተሏት «እህቶቿ» አልነገረቻቸውም።

«አማቴን ታውቋቸው የለ? ባለፈው ሳምንት ያያችኋቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በዕድሜያቸው አንዲት ብልቃጥ ክሬም ገዝተው አያውቁም፤ የቆዳ ክሊኒክ ደጅ አልረገጡም። ከእናታቸው የወረሱት ይኼንኑ ነው፤ የጋንግዎን ተራራ ሴቶች ምስጢር! ሁለተኛው የሩዝ ውሃ፣ ማሾ፣ ኪያር፣ ሎሚ። ሁሉም ከጓዳችሁ!»

የጋንግዎን ተራራ ሴቶች! ማልጃ በተወለደችበት መንደር ሩዝ የሚታጠበው ለሙታን ነበር፤ አያት ቅድመ አያት በሚታሰቡበት ቀን። በሌላው ቀን በሕይወት ያለው ሁሉ ድንችና በቆሎ ይበላል። ያቺ እፍኝ የማትሞላ ሩዝ በስንት ጊዜዋ ስትታጠብም የመጀመሪያው እጣቢ ለላሟ፣ ሁለተኛው ለአኩሪ አተር ሾርባው ይሄዳል። ላሟ ድርሻዋን ፊቱ ላይ የሚቀባ ሰው ብታይ በቀንዷ ትወጋው ነበር። ማልጃ የእናቷን ፊት ታስታውሳለች፤ ገና በአርባ ዓመቷ እንደ ደረቀ በርበሬ የተጨማደደ ፊት ነው፤ የደበቀው ምስጢር ቢኖር ረሃብ ብቻ ነበር። በዚያ ቤት ስም እንኳን አስበው አያወጡም። አራተኛዋ ሴት ስትወለድ አባትየው «ማልጃ» አላት፤ መጨረሻዋ ትሁን ማለቱ ነው። አልሆነችም። በሁለተኛው ዓመት አምስተኛዋ መጣች፤ እሷን ደግሞ «ክትሱን» ብሎ ሰየማት፤ አለቀ፣ በቃ እንደ ማለት። ቀጥሎ ወንድ ተወለደና ሰውየው ዐረፈ።

ማልጃ ዛሬ ማሰብ የፈለገችው ስለዚህች ስለ «አለቀ» ነበር። የክትሱን አንድ ልጅ፣ ጁሪ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነገ ትዳራለች። የሙሽራው አባት የጥርስ ሐኪም ነው፤ እናቱም ፊቷ እንደ ሸክላ ስኒ የጠራ ሴት ናት ይላሉ። ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት ሁለቱ እናቶች፣ የሴቷ በሮዝ ሃንቦክ ቀሚስ፣ የወንዱ በሰማያዊ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መድረክ ላይ ይወጡና ሻማ ይለኩሳሉ። አዳራሹ ያያል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪንም ፊታቸውን የበር ያህል አድርጎ ያሳያል። ክትሱን ከቀለበቱ ቀን ጀምሮ በእንቅልፍ ልቧም የምታየው ያንን ስክሪን ነው። ከሸክላ ስኒ አጠገብ የገበያ ድስት ሆኜ እንዳልቀመጥ ትላለች።

ሄጁ ልትታጠብ ስትገባ ማልጃ ተነሥታ ወለሉን ወለወለችና ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የዚህ ቤት ማቀዝቀዣ ካለፈው የብርድ ወራት ወዲህ አይታመንም። እርጎ የሚመስለው እርጎ አይደለም። ማር የሚመስለው ማርና የእንቁላል አስኳል ነው። ኪያሩ ተከትፎ የተቀመጠው ለሰላጣ ሳይሆን ዐይን ላይ ሊደፋ ነው። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት እጣቢ ይኮመጥጣል፤ ክዳኑ ሲነሣ ቤቱ የሰከረ ሰው ይሸታል። ዛሬ ግን ከፊት ለፊት አንድ ሳህን የተፈጨ ማሾ አገኘች፤ ባዩት ጊዜ ማሾ ነው፣ ቢነኩትም ማሾ ነው። የኮመጠጠ ጎመን ኪምቺ ከትፋ፣ ሽንኩርት ጨምራ፣ መጥበሻውን በዘይት አግላ ስስ ስስ አድርጋ ጠበሰችና ለልጇ አቀረበችለት። ታክሱ በላ፣ ደገመ። ሌላ ሲያነሣ ሄጁ ፎጣዋን እንደጠመጠመች ወጣች፤ ሳህኑን አየች፣ መጥበሻውን አየች፣ የባሏን የሚንቀሳቀስ ጉንጭ አየች።

«እማማ! ፊቴን ጠበሱት?»

«ማሾ መስሎኝ...»

«ማሾ ብቻ አይደለም እኮ! የወተት ዱቄት አለበት፣ የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት አለበት፣ የጽጌረዳ ዘይት አለበት! ለማታው ስርጭት ያዘጋጀሁት ጭንብል ነው!»

ታክሱ ማኘኩን አቁሞ ጥቂት አሰበ። «አበባ አበባ ብሎኝ ነበር» አለና የቀረውን ዋጠው። ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ይህ ሰው እናቱን ይወዳል፣ ሚስቱን ይወዳል፤ ሁለቱን የሚወድበት ስልትም አፉን ሞልቶ መቀመጥ ነው።

ሄጁ ሳህኑን እንደ ሬሳ አንሥታ ማጠቢያው ውስጥ አኖረችው። «ይሁን። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቀጥታ እገባለሁ። የመፍጫ ማሽን የሚሸጡት ሰዎች ቃል ገብተውልኛል፣ ያዩኛል፤ ከወደዱኝ ማሽናቸውን የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ይበሉልኝ፤ የሚናገሩት ነገር የለም። ‘አዎ’ ብቻ።»

«ባለፈውም ‘አዎ’ አልኩ። ምን እንደጠየቅሽኝ እንኳን አልሰማሁም።»

«ለዚህ እኮ ነው ያማረው እማማ! ተፈጥሯዊ ነበር።»

ማልጃ የጠበሰችውን ፊት ለመተካት ማሾ ልትገዛ ወረደች። ሰፈሩ በሴኡል ሰሜን ጫፍ ያሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው፣ ጎናቸው ላይ በተጻፈ ቁጥር ብቻ የሚለዩ ሕንፃዎች ጫካ ነው። አትክልት ቤቱ በር ላይ ኪያር ተደርድሯል፤ ባለፈው ወር ሦስቱ በሁለት ሺህ ዎን የነበረው ዛሬ ሁለቱ በሁለት ሺህ ሆኗል። ሻጩ ምክንያቱን ሲጠየቅ በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ አፓርታማዎቹ መስኮት ጠቆመ። «የሚበሉት መቼ ሆነና» አለ። ማልጃ ማሾውን ይዛ ስትመለስ ምድር ቤት ካለው የአረጋውያን ክፍል ሳቅ ሰምታ አንገቷን አስገባች። አሮጊቶቹ ብርድ ልብስ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ካርታቸውን ሳያስቀምጡ ተቀበሏት።

«እመቤት እጣቢ መጣች! ቦታ ልቀቁላት፣ ታበራላችሁ!»

አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ፣ ምላሷ ከማጭድ የሚብሰው፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። «ማልጃ፣ እኔን እኮ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ያ የእናትሽ እጣቢ የሚሸጠው ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ አይደለም እንዴ? እኔንም ልጄ ወስዶ አስቀብቶኛል። ጥሩ እጣቢ ነው፤ ሲቀቡት ግን ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማልጃም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። እዚህ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰባ ዓመት የሞላት እናት ሁሉ፣ ለፍቶ አዳሪ ልጅ ካላት፣ ማድያቷን በሌዘር ያስነሣላታል፤ ያላስነሣላት ልጅ በየሰርጉና በየለቅሶው ይታማል። ታክሱም ባለፈው ዓመት መኸር ላይ እንደ ሰው ልጅ እናቱን ከጫማ ቤቱ በላይ ወዳለው ክሊኒክ ይዟት ሄደ። ማልጃ ለዚህ ክፍል ሴቶች ያን ጊዜውኑ፣ ገና ፕላስተሩ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ እየተኩራራች አውርታላቸዋለች። ያልነገረቻት ለአንዲት ሰው ብቻ ነው። ክትሱን ወንድ ልጅ የላትም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። ሁለቱ እህቶች ደግሞ በቀኝ ጉንጫቸው አጥንት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ባቄላ የምታህል ጥቁር ማድያት ነበረቻቸው፤ ከእናታቸው በውርስ ያገኟት ንብረት እሷ ብቻ ናት። ማልጃ የራሷን አስነሥታ የእህቷ እዚያው ስትቀር ምን ብላ ትንገራት? ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳይጋባብሽ አትምጪ አለቻት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊቷ ጠርቶ ስትታይ ክትሱን «ምን ቀብተሽ ነው እትዬ?» ብትላት፣ «ዕረፍት ነው፣ ጥሩ ውሃ ነው» ብላ አለፈችው። የዋሸችው ሰው ላለማስቀየም ነበር። ምራቷ ያንን ውሸት ከወደቀበት አነሣችው፣ አጠበችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፤ አሁን አርባ ሺህ ሰው ይከታተለዋል።

ሽቅብ ወጥታ በሩን ስትከፍት መግቢያው ላይ የክትሱን ጫማ ተቀምጧል፤ ተረከዙ የተረገጠ፣ የገበያ ጫማ። ክትሱን ኢንቾን ገበያ ጥግ ላይ ቡቃያና ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፤ ልጇ ልትዳር አንድ ቀን ሲቀራት ባቡር ለውጣ ለውጣ እዚህ ድረስ የምትመጣበት ምክንያት የለም። ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች፤ ሰፊ የፀሐይ ቆቧን አላወለቀችም፣ አፍና አፍንጫዋን እስከ ዐይኗ ሥር ሸፍናለች።

«እትዬ፣ እንዳትጮኺ» አለችና መሸፈኛውን አወረደችው።

ከጉንጯ እስከ አገጯ ድረስ ፊቷ ቀልቶ፣ ቦታ ቦታውን ጠቁሮ፣ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሎሚው በጣቶቿ መካከል የወረደበት መስመር አንድ በአንድ ይታያል፤ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ የተቃጠለች ነው የምትመስለው። አፍንጫዋ አካባቢ ያለው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሥቷል።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ምንም አልሆንኩም። ያንቺኑ ነው ያደረግሁት። ምራትሽ እንዳለችው፣ እጣቢውን አስኮመጠጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ጠዋት ጠዋት እየተቀባሁ ገበያ ወጣሁ። ሲቆጠቁጠኝ እየሠራ ነው አልኩ። ትናንት ፀሐዩ በረታና ይኸው። አንቺ ሎሚውን ስንት ጠብታ ነበር የምታደርጊው? አብዝቼው ይሆን?»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ዶሮዋ ግን ቢያንስ ገመዱን አሳስቼ አሰርኩት ብላ ይቅርታ አልጠየቀችም።

ማልጃ አፏን ከፈተች። ሄጁ ከመኝታ ቤት ወጣች። ማልጃ አፏን ዘጋች። ሄጁ የአክስትየዋን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የሰነበተ ዓሣ እንደምትለይ ሴት ግራና ቀኝ አገላብጣ አየቻት።

«አክስቴ፣ ከሎሚ በኋላ ፀሐይ ላይ አይወጣም ብዬ ነበር እኮ።»

«አላልሽም ልጄ። ደጋግሜ ነው ያየሁት።»

«አስተያየት መስጫው ላይ ጽፌዋለሁ መሰለኝ። ለማንኛውም ነገሩ ሎሚው አይደለም፤ ልብ ነው። ፊትን እየሮጡ አይነኩትም። ቆዳ ያውቃል።»

ክትሱን ጥፋቷ እንደገባት ተማሪ አንገቷን ደፋች። ሄጁ መብራቶቿን ልታስተካክል ዘወር ስትል፣ ማልጃ እህቷ ጎን ተቀምጣ «ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ተነሺ» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሐኪሙ እስከ ነገ ያጠፋልኛል? የፋርማሲው ልጅ ነግሮኛል፤ ቅባት ቀቢ፣ ሜካፕ እንዳይነካው፣ ሳምንት ጠብቂ ነው ያለኝ። ሰርጉ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ጁሪ ገና አላየችኝም፤ ብርድ ይዞኛል ብያት ፊቴን ሸፍኜ ነው የዋልኩት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። እናታችን ላንቺ አሳይታሽ ለእኔ ያላሳየችኝ ካለ። ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል ያላሳየችኝ። አልቀየምም። ማታ ማታ ላስታውስ እሞክራለሁ፣ እናታችን ሩዝ ስታጥብ፣ ፊቷን ስትቀባ፤ ምንም አይመጣልኝም። አንቺ ግን ታስታውሻለሽ አይደል?»

ማልጃ ምንጣፉን አየች። ምንጣፉ ላይ ምንም አልነበረም።

«ድንች!» አለች ሄጁ ከወጥ ቤት፣ ሰውን ከመስጠም ያዳነች ያህል። «የተፈቀፈቀ ጥሬ ድንች! ቃጠሎ ያበርዳል። አክስቴ፣ ዛሬ በስርጭቱ ላይ እቀባዎታለሁ። ሰው ሁሉ ከዜሮ ተነሥቶ ሲለወጥ ያያል፤ እርስዎም ነገ ሰርጉ ላይ እንደ ጨረቃ ይወጣሉ።»

ክትሱን ወደ እህቷ ዞረች። ማልጃ አሁንም ምንጣፉን ታያለች። «እሺ» አለች ክትሱን፤ ቆቧንም አወለቀች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ፤ ሄጁ መካከል፣ ማልጃ በግራ፣ ክትሱን በቀኝ። ክብ መብራቱ የሁሉንም ዐይን የድመት ዐይን አድርጎታል። ክትሱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ፣ እንደ ሕክምና ሳይሆን እንደ ፍርድ ቤት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ድንቹ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። ውሃው በአንገቷ እየወረደ ሸሚዟ ውስጥ ይገባል። ስልኩ ላይ ልቦች እየተንሳፈፉ ወደ ላይ ይሄዳሉ።

«እዩአቸው!» አለች ሄጁ፣ ሁለቱን አሮጊቶች በሁለት እጇ አቅፋ። «እህትማማቾች ናቸው። አንድ እናት፣ አንድ መንደር፣ አንድ ውሃ። አንዷ የእናታቸውን ምክር በትጋት ያዙ፤ አንዷ ደግሞ ኑሮ ሲያሯሩጣቸው ተዉት። ከሁለቱ ፊት በላይ ምስክር አለ?»

ክትሱን በድንቹ ሥር አንገቷን ነቀነቀች። «እውነቷን ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ለስልኩ ሳይሆን ለራሷ። «እኔ ነኝ ያልያዝኩት።»

«አይደል እማማ?» አለች ሄጁ።

‘አዎ’ የምትለው ቃል ማልጃ ምላስ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ቀላል ቃል ናት፤ ባለፈው ሳምንት ምንም አላስቸገረቻትም። ማልጃ የእህቷን አንገት አየች፤ አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጥፋቱን ይቀበላል።

«ሌዘር ነው» አለች።

«እ... እማማ?»

«ሌዘር ነው። ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው መኸር ታክሱ ነው የወሰደኝ። ጉንፋን አልያዘኝም ነበር ክትሱን። እናታችንም ምንም አላስተማረችኝም። እናታችን እኮ ፊቷን የምታጥብበት ጊዜ አልነበራትም።»

ሄጁ ሳቀች። ሳቋ ከጠዋቱ ጥፊ ይልቅ ይጮህ ነበር። «አማቴ ቀልድ ይወዳሉ! የገጠር ሰው...» አለችና እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ ጣቷ ግን የምትነካው ጠፍቷት መስተዋቱ ላይ ዋለለ። ስልኩ ላይ ልቦቹ አልቆሙም። ከልቦቹ መካከል ጽሑፍ መፍሰስ ጀመረ፤ የተቆጣ አልነበረም፣ የሚሳደብም አልነበረም። «የክሊኒኩን ስም ቢነግሩን?» ይላል አንዱ። «ያማል?» ይላል ሌላው። «ለእናቴ ነው፤ ስንት ጊዜ ነው የሚተኮሰው?» የመፍጫ ማሽኑን ሰዎች ማንም አላስታወሳቸውም። አርባ ሺህ ሰው እጣቢውን ማጠቢያ ውስጥ ደፍቶ ወረፋ ሊይዝ ተነሥቷል።

ክትሱን ወደ እህቷ ዞረች። ከጉንጯ ላይ አንድ እፍኝ ድንች ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ሄጁን አላየቻትም፤ ሄጁ የዚያ ቤት ዕቃ ያህል እንኳን አልሆነችላትም። እጇን ዘረጋችና፣ ቡቃያ በመንቀል በሻከረው አውራ ጣቷ፣ የማልጃን ቀኝ ጉንጭ አጥንቱ ላይ ዳሰሰችው። የጨርቅ ጥራት እንደሚፈትን ገዢ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ማልጃ አልተንቀሳቀሰችም። «ክትሱን» አለች።

ክትሱን ተነሣች። ቆቧን ከሶፋው ላይ አነሣች፤ መሸፈኛዋን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። መግቢያው ላይ ጫማዋን ተረከዙን ረግጣ ተጫማች።

«አክስቴ!» አለች ሄጁ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «ገና እኮ አልደረቀም! እንደዚህ ሆነው ነው ባቡር የሚሳፈሩት?»

ታክሱ ከሥራ ሲመለስ ሊፍቱ በር ላይ ተገጣጠሙ። ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ወጉ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «አክስቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ወዴት ነው በዚህ ሰዓት?» አላት። ቀና ሲል ድንቹን አየ፣ ከድንቹ ሥር ያለውንም አየ። ክትሱን በአጠገቡ አልፋ ሊፍቱ ውስጥ ገባች፣ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች፣ ቁልፉን ተጫነች። በሩ ተዘጋ።